ይሄ ምን ይገዛል?

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ጠዋት ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነበርኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤቱ በቄጠማና በቡና ሽታ ታውዷል። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚህ ላይ ሚጡ ልበላት። ከጓደኞቿ ጋር ከቤት ቤት እየዞረች አበባየሆሽ ስትል አርፍዳ ገባች። የሐበሻ ቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። ጉንጯ በብርዱ ቀልቷል። ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና የደረሳትን መቁጠር ጀመረች። አምስት ብር፣ አስር ብር፣ አስር ብር፣ አንድ ሃምሳ ብር። ሃምሳዋን ሦስት ጊዜ አገላብጣ አየቻት።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። አልጠበቀችውም መሰለኝ፣ እጇ ዝቅ አለ። ወረቀቱን ፈታችው። ትልቅ ክብ ብር። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። በአንዱ ፊት ከራሷ ሻሽ የወረደላት ደልዳላ ሴትዮ አለች። ሚጡ ገለበጠችው። ሁለት ራስ ያለው አሞራ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አጎቴ፣ ይሄ ምን ይገዛል?»

ለብዙ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። ሴትዮዋ ማን ናት ብትለኝ እነግራታለሁ። አሞራው ለምን ሁለት ራስ ኖረው ብትለኝም መልስ አለኝ። ይሄኛውን ግን አላሰብኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ጥያቄ ሳስብ ከርሜያለሁ። ለልጅ የቆየ ሳንቲም ወይም ብር መስጠት የምትፈልጉ ካላችሁ ይቺ ጥያቄ መምጣቷ አይቀርም። ደግሞም ትክክለኛ ጥያቄ ናት። ገንዘብ የተሠራው ሊገዛ ነው።

ብሩ የአያቴ ነው። እምዬ ነበር የምንላት። የመንዝ ሰው ነበረች። ሙዳይ ነበራት። ክዳኑ በቀይና በአረንጓዴ አክርማ የተሰፋ ትንሽ ሙዳይ። እዚያ ውስጥ ከተዳወረ ፈትል ጋር ሦስት ጠገራ ብር ታስቀምጥ ነበር። ስትዳር ከጥሎሹ ጋር የመጡ ናቸው። አንዱን አንጥረኛ አቅልጦ ለእናቴ የአንገት መስቀል ሠራበት። አንዱ በ77ቱ ድርቅ ተሸጠ። ስንት እንደተሸጠ ነግራን አታውቅም። «እህል ሆነ» ብቻ ትል ነበር። ሦስተኛው ቀረ። እምዬ ስታርፍ ሙዳዩ ለእናቴ ደረሰ፣ እናቴ ደግሞ ባለፈው ክረምት «አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ፣ ለልጅቷ ስጣት» አለችኝ።

ግማሹ ነጭ የሆነበትም ምክንያት አለው። ዋዜማውን ማታ ችቦ ለማየት ወጣ ብዬ ስመለስ እናቴን ጓዳ ውስጥ አገኘኋት። ሎሚ ከፍላ፣ አመድ በሳህን አድርጋ ብሩን ትፈገፍገዋለች።

«እማዬ፣ ተይው! ተይው!»

«ምነው? ለልጅ በአዲስ ዓመት ጠቁሮ የሚሰጥ ነገር አለ እንዴ?»

እንዴት አድርጌ ላስረዳት? የሳንቲም ሰብሳቢዎች የመጀመሪያ ሕግ አትጠብ ነው። ብር በጊዜ ብዛት የሚይዘው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። በሎሚና በአመድ ሲፈገፈግ ሽፋኑ ብቻ አይደለም የሚሄደው። የብሩም ፊት አብሮ ይላጣል። የታጠበ ሳንቲም በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጥቃቅን ጭረት የተሞላ ነው፣ ሰብሳቢ ዘንድም ዋጋው ይወርዳል። ይሄን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «እምዬ በየዓመቱ ለጥምቀት መስቀሏን በአመድ ነበር የምታጥበው» አለች።

እሷም ልክ ናት። እኛ ቤት ብር የሚከበረው ሲያበራ ነው። ሙግቱን ትቼ ብሩን ባለበት ተቀበልኳት። ግማሹ ታጥቧል፣ ግማሹ አልታጠበም። መስመሩ በሴትዮዋ አፍንጫ በኩል ያልፋል።

ሴትዮዋ የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት በፈረንጅ 1780 ነው፣ ያረፈችበት ዓመት። ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ መታተሙ ቀጠለ። ቬየና ታተመ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀር ታትሟል። ስለዚህ የእምዬ ብር የት እንደተወለደ፣ መቼ እንደተወለደ ከፊቱ አይነበብም። ክብደቱ 28 ግራም ነው። ከመቶ 83 እጁ ንጹህ ብር ነው። ጠርዙ ላይ በላቲን ፍትሕና ምሕረት የሚል ጽሑፍ ዙሪያውን አለ። ሚጡ ጥፍሯን ጠርዙ ላይ እየጎተተች ስትሰማው ነው እኔም ትዝ ያለኝ።

እንግዲህ ይሄ የሩቅ አገር ሴትዮ መልክ መንዝ ውስጥ ሙዳይ ገብቶ ምን ይሠራል? መልሱ ከቤታችን ብዙ አይርቅም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ አንኮበር አለች። ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርዱ አልዩ አምባ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አልዩ አምባ የሸዋ ትልቁ የቆላ ገበያ ነበረች። ከታጁራ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ እዚያ ይደርሳል። ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። ዝርዝሩ ደግሞ አሞሌ ጨው። አሁን የሳንቲም ዝርዝር እንደምንለው ያኔ ዝርዝሩ ጨው ነበር። ለሚጡ ይሄን ስነግራት «ዝናብ ቢመጣስ?» አለችኝ። ይሟሟል ማለት ነው። ገንዘብ በዝናብ ሲሟሟ አስቡት። ዝናብ የማያሟሟው ብር ለምን እንደተወደደ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ገበያተኛው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። የዘመኑ ተጓዦች እንደጻፉት ሰዉ ብሩን ተቀብሎ የሴትዮዋን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣቦች ይቆጥራል። ቁጥሩ ካልሞላ፣ ወይም ፊቱ ከደበዘዘ፣ አልፈልግም ብሎ ይመልሳል። ይሄንንም ነገርኳት። ነገሩ በኋላ ይመጣል።

በኋላ አገሬው የራሱ ብር ኖረው። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት በ1836 እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ነው። በስማቸው የወጣው ብር 1887 የሚል ዓመት ይዞ ፓሪስ ታተመ። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉት ንጉሥ፣ በሌላው አንበሳ። ግማሹ አላድ ይባላል። ከዚያ ሩብ፣ ጠሙን፣ ግርሽ እያለ ይወርዳል። ያም ሆኖ ሰዉ ማርትሬዛውን፣ ማለትም ጠገራውን፣ አልተወም። የለመደውን ነው የሚያምነው።

ለሚጡ ግን ከዚህ ሁሉ የገረማት ሌላ ነው። «ብር» የሚለው ቃል መጀመሪያ የገንዘብ ስም አልነበረም አልኳት። የማዕድኑ ስም ነው። የእማማ የአንገት መስቀል ብር ነው እንደምንለው። ሰዉ ይሄን ክብ ነገር ብር ብሎ ጠራው፣ ከዚያ ገንዘባችን በሙሉ ብር ተባለ። ሃምሳዋን ብር አንስታ አየች። ከዚያ ጠገራውን አየች። «ታዲያ ይቺ ወረቀት ለምን ብር ተባለች?» አለች። ቆይታ ደግሞ ራሷ መለሰችው፤ «ስሙን ወርሳ ነው»።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ባለፈው ዓመት ለሚጡ ልደት የሚያብረቀርቅ የብር ሳንቲም ልኮላት ነበር። ለሰብሳቢዎች ተብሎ የታተመ ነው። በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ ከቬልቬት ሳጥንና ቁጥር ከተጻፈበት ምስክር ወረቀት ጋር። ውብ ነው። ወንድሜ በፍቅር ነው የላከው። ግን ሊነካ አይችልም። ጣት ከነካው ዋጋው ይወድቃል። እህቴ «እንዳትከፍቺው!» አለቻት። ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቀመጠ። እስካሁን እዚያው ነው። ሚጡን ስለ እሱ ብትጠይቋት ሳጥኑን ነው የምትገልጽላችሁ።

እንዲህ ያለው ሳንቲም ላይ ያለኝን ሐሳብ በግልጽ እናገራለሁ። አዲስ የወጣ የመታሰቢያ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ከውስጡ ካለው ብር ዋጋ በላይ ነው የሚሸጠው። ዓመታት ቆይቶ ሲሸጥ ያንን ትርፍ የማያመጣው ብዙ ነው። ለልጁ የወደፊት ሀብት ብላችሁ ከሆነ አስቡበት። ለውበቱ ከሆነ ጥሩ። የእኛም አገር መታሰቢያ ሳንቲሞች አሏት። በ1964 የወጡት የአምስት ብር ሳንቲሞች ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሉ ነገሥታት አሉ። በ1972 ደግሞ ዓለም አቀፉን የሕፃናት ዓመት ምክንያት በማድረግ የሃያ ብር የብር ሳንቲም ወጥቷል። ያቺን አንድ ቀን ባገኝ ለሚጡ እገዛላታለሁ። ግን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ነው የምሰጣት። ቆርጫለሁ።

ሌላም የፈረንጅ ልማድ አለ። ልጁ የተወለደበትን ዓመት የያዘ ሳንቲም መስጠት። ደስ ይላል፣ እኔም ሞክሬው ነበር። የእኛ ሳንቲም ግን አይመችም። የእኛ ገንዘብ ላይ ዓመት ይቆማል። በጃንሆይ ጊዜ የወጡት ሳንቲሞች 1936 ብለው ጀመሩ፣ ለብዙ ዓመት ሲታተሙም ያው 1936 ናቸው። በደርግ ጊዜ የመጡትም 1969 ብለው ቀጠሉ። ጠገራውም 1780 ብሎ ቀረ። የሚጡን የልደት ዓመት የያዘ አንድም ሳንቲም እጄ ላይ የለም። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ዓመቱን ማንበብ ራሱ ጨዋታ ሆነልን።

ከጠገራው ጋር ሌላም ነገር ሰጥቻታለሁና። በአንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ የሰበሰብኳቸው ሳንቲሞች። እውነቱን ለመናገር ብዙ ያጫወተን ይሄ ነው። የአንድ ሳንቲሟ አሉሚኒየም ናት፣ ከቀለሏ ብዛት እፍ ቢሏት የምትበር ትመስላለች። ጀርባዋ ላይ ገበሬ በሁለት በሬ ያርሳል። አምስት ሳንቲሙ ላይ ጠመንጃ የያዘ ተዋጊ አለ። አስር ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን። ሚጡ «ጓሳ አለ?» አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት መንዝ ጓሳ ሄደው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አይታ ስለነበር ነው። አይ፣ አጋዘኑ ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ ነው ያለው አልኳት። ከዚያ ስሙኒው፣ ከዚያ ሽልንጉ። ሃያ አምስት ሳንቲም ስሙኒ መባሉን፣ ሃምሳ ሳንቲም ሽልንግ መባሉን አታውቅም። ከየት ትወቀው? እሷ ባደገችበት ዘመን ባለሱቁ ለዝርዝር ማስቲካ ነው የሚመልሰው።

ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው፤ ፲፱፻፷፱። ቀስ ብለን ፈታነው። ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ ስልሳ፣ ፱ ዘጠኝ። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። «ታዲያ መቶን ያለ ዜሮ እንዴት ይጽፉታል?» ፻ን አሳየኋት። ከሰዓት በኋላ የቡናው ሥርዓት ሳያልቅ ከጃንሆይ ሳንቲም ላይ ፲፱፻፴፮ን ብቻዋን አነበበችው። ያን ቀን ያየሁት ደስታ ከሃምሳ ብሯ ደስታ ይበልጥ ነበር። እያጋነንኩ አይደለም።

ለዚህ ነው ለልጅ ስትሰጡ ከርካሹ ጀምሩ የምለው። የሚወድቅ፣ የሚነካ፣ ወረቀት ሥር ተደርጎ በእርሳስ የሚታሸት ሳንቲም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በፍጹም አይሰጥም፤ ይውጠዋል። አያያዙንም አብራችሁ አስተምሩ። በጠርዙ ይያዛል እንጂ ፊቱ አይዳበስም፣ አይታጠብም፣ በለስላሳ ላስቲክ ውስጥ አይከረምም። አንዳንዱ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል። የወረቀት ፖስታ ይበቃል። ለውጭ አገር ልጅ ለመላክ ካሰባችሁ ደግሞ የቅርስ ሕግ አለ። አሮጌ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቅርስ ባለሥልጣንን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ስገዛም ተታልዬ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው የምኒልክ ብር ገዛሁ። አሮጌ ይመስላል። አንበሳው ደብዘዝ ብሏል። ለሚጡ እሰጣታለሁ ብዬ ነበር። ደግነቱ ደብረ ብርሃን የማውቀው ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስጄ አስመዘንኩት። የምኒልክ ብርም እንደ ጠገራው 28 ግራም ነው መሆን ያለበት። 21 ወጣ። ሰውዬው ማግኔት አስጠጋለት፣ ጥርቅ ብሎ ተጣበቀ። ብር በማግኔት አይያዝም። ሁለታችንም ዝም አልን። ለልጅ የሐሰት ነገር እውነት ነው ብዬ ልሰጥ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ደረቴ ይጠባል። ገንዘቤ ስለጠፋብኝ አይደለም። እሷ አምናኝ ለጓደኞቿ ታሳያቸው ነበር። የቆየ ብር ስትገዙ ሚዛንና ማግኔት ይኑራችሁ። ሻጩም መመዘኑን እሺ ካላለ ተዉት።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። «ይሄ ምን ይገዛል?»

ያን ቀን ጠዋት ትንሽ አሰብኩና እንዲህ አልኳት። ሦስት ነበሩ። አንዱ እህል ገዛ። እማማ ያኔ ወጣት ነበረች፣ ከዚያ እህል በልታለች። አንዱ ምንም አልገዛም፣ መስቀል ሆነ። ሚጡ ዞር ብላ እናቴን አየቻት። እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና ከነጠላዋ ሥር ማተቧን ሳብ አድርጋ መስቀሉን አወጣችው። ሚጡ ተነስታ ሄደች። ጠገራውን ከመስቀሉ ጎን አስጠጋችው። በነጩ በኩል።

«አንድ ዓይነት ነው» አለች።

«ሦስተኛውስ?» አልኳት።

«እሱን ገና አልወሰንኩም።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ልጅቷ ስትናገር ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። የሷ ነው፣ የምትወስነውም እሷ ናት። አድጋ ብትሸጠው ቅር አይለኝም። መስቀል ብታሠራውም አይቆጨኝም። ሰብሳቢ ጓደኞቼ ይሄን ሲሰሙ ይበሳጫሉ። እኔ ግን ስጦታ ስል እንዲህ ነው የሚገባኝ። «እንዳትሸጪው፣ እንዳትነኪው፣ እንዳትከፍቺው» ተብሎ የተሰጠ ነገር አደራ ነው። አደራ ደግሞ ለስምንት ዓመት ልጅ ይከብዳል።

የመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ነበርኩ። ማታ በእናቴ ስልክ ተደወለ። ሚጡ ናት።

«አጎቴ፣ ነጠብጣቦቹን ቆጠርኳቸው።»

«የቶቹን?»

«የሴትዮዋን ጌጥ። በነጩ በኩል ያሉት ይታያሉ። በጥቁሩ በኩል ያሉትን ግን በጥፍሬ ነው የቆጠርኩት። ሁለቱ የሉም።»

ገበያ ላይ ቢሆን ይመልሱት ነበር ልላት አስቤ ተውኩት። ሰው ብዙ ስለነካው ተልጦ ይሆናል አልኳት።

«እምዬ ናት?»

«እሷም ትሆናለች። ከሷ በፊት የነበሩትም።»

ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ። አልዘጋችውም። ከሩቅ ድምጿ ይመጣል። «አንድ... ሁለት... ሦስት...» እናቴ ከጓዳ «ነይ እራት ቀርቧል» ትላታለች። «ቆይ እማማ፣ እየቆጠርኩ ነው።»